እንጀራን ሳልተው ስኳሬን ያወረድኩበት መንገድ

ስኳር አልያዘኝም። «ጫፍ ላይ ነሽ» ነው የተባልኩት። የ3 ወር አማካዩን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉት፣ 6.1 ከመቶ መጣ። ከ5.7 በታች ከሆነ ሰላም ነው። 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። እኔ መሀሉ ላይ ነኝ። በባዶ ሆድ የተለካው ደግሞ 112 ነበር፤ ከ100 እስከ 125 ያለውም ያው ጫፍ ነው የሚባለው። ምንም ምልክት አልነበረኝም። ውሃ ጥም የለ፣ ሽንት መመላለስ የለ። የተመረመርኩት እማዬ ስኳር ስላለባት ብቻ ነው።

ሐኪሟን መድኃኒት እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። «መጀመሪያ አበላልሽን እንየው» አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለታተመ ትልቅ ጥናት ነገረችኝ። እንደኔ ጫፍ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው የተጠኑት። ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ወደ ስኳር የመግባት ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው ግን በ31 ከመቶ ነው የቀነሰላቸው። 7 ከመቶ ለኔ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ይሄማ ይሞከራል አልኩ።

ወሬው ሲሰማ መካሪው በዛ። አንዷ አብሽ ዘፍዝፈሽ ጠጪ ትላለች፣ ሌላዋ ሽፈራው። «ስኳሩን በማር ቀይሪው፣ ማር ተፈጥሮ ነው» ያለችኝም አለች። ማርም እኮ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል! «እንጀራ ጨርሰሽ ተይ» የሚሉትን ግን ገና ከጅምሩ አልሰማኋቸውም። እንጀራ ትቼ ስንት ቀን ልቆይ?

የኛ ቤት ችግር ትሪው ነበር። አራት ሆነን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ሥር ያለው እንጀራ ወጥ ጠጥቶ ሲርስ ደግሞ እንደምንም ተጠራርጎ ያልቃል። ጉርሻው ሲጨመርበት ቆጠራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከመቀመጤ በፊት ግማሽ እንጀራ ቆርጬ ጠቅልዬ በኔ በኩል ጠርዝ ላይ አስቀምጣለሁ። የኔ ድርሻ ያቺ ናት። ድሮ አንድ ተኩል ሳላስበው ይገባ ነበር።

የቀነሰውን ቦታ በወጥ ሞላሁት። መጀመሪያ ጎመን ወይ ሰላጣ እበላለሁ፣ ከዚያ ምስር ወይ ሽሮ፣ እንጀራው ወደ መጨረሻ ይመጣል። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ስኳሩ በአንዴ አይወጣም። ሽሮውን በማንኪያ መብላት ለመድኩ። እማዬ ስታየኝ «ሽሮ በማንኪያ? ጭራሽ በሽተኛ አደረጉሽ!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ስለ ነጭ ጤፍና ስለ ቀይ ጤፍ ብዙ ይወራል። ለኔ ለውጥ ያመጣው መጠኑ ነው። እንጀራውን የምትገዙት ከሱቅ ከሆነ ግን ሩዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠይቁ።

ጾም ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ቀላል ይመስላል። የኔን ረቡዕና ዓርብ ሳየው ግን ፓስታ፣ ዳቦ በሻይ፣ ድንች፣ ሳምቡሳ ነው። ሁሉም አንድ ወገን ናቸው፤ ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። የእማዬን የስኳር መለኪያ ተዋስኩና ራሴ ላይ አየሁት (መለኪያውን ተዋሱ እንጂ መውጊያ መርፌው የየራስ ነው፣ በዚህ ቀልድ የለም)። ፓስታ በዳቦ ከበላሁ ከ2 ሰዓት በኋላ 168 አለኝ። ጤናማው ከ140 በታች ነው። በሌላ ቀን ጎመን፣ ድፍን ምስርና ግማሽ እንጀራ በልቼ ትንሽ ተንቀሳቀስኩ፤ 127። ሁለቱም ጾም ነው፣ ሁለቱም ያጠግባል። ከዚያ ወዲህ ፓስታ የሚሠራው ለልጆቹ ነው።

አሁን የጾም ቀኔን የሚይዙት ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቂንጬ ወይ አጃ ነው፣ ስኳር የሌለው። መክሰስ ካማረኝ ቆሎ አለ፣ እሱም በእፍኝ እንጂ በሰሃን አይደለም። ጁስ ቤት መግባት ትቻለሁ። ማንጎውን ራሱን ብበላው ይሻለኛል፤ ሲፈጭና ሽሮፕ ሲጨመርበት ሌላ ነገር ይሆናል።

ቡናው ግን ከሁሉም ከበደኝ። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ነበር የማደርገው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ስድስት ማንኪያ ይሆናል። አንዷ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ከያዘች 24 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለቀኑ ሙሉ 25 ግራም ገደማ ላይ ብንቆም ጥሩ ነው ይላል። የፈንድሻው ስኳር ገና አልተቆጠረም! በአንዴ ማቆም አልሆነልኝም፤ ጎመዘዘኝ። መጀመሪያ በረካውን ተውኩ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ማንኪያ አንድ አደረግኩ፣ ከዚያ ግማሽ። አሁን ጤና አዳም ጣል አድርጌ ያለ ስኳር እጠጣለሁ። ጎረቤቴ ዛሬም ሲኒውን ስታቀብለኝ «ኧረ ስኳር ረሳሁልሽ!» ትላለች። በሳቅ እናልፋለን።

ጂም አልገባሁም። ከሥራ ስወጣ ከሜክሲኮ ሳርቤት ድረስ በእግሬ እሄድና ታክሲ ከዚያ እይዛለሁ። የታክሲ ሰልፍ ከመጠበቅ ብዙም አይለይም። ማታ ከእራት በኋላ ደግሞ ሶፋ ላይ ከመውደቅ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር እላለሁ፤ ዕቃ ማጠብም ቢሆን ከመቀመጥ ይሻላል። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳሩን ይወስዳል፤ ለዚህ ነው ከምግብ በኋላ ያለችው አጭር እንቅስቃሴ የምትጠቅመው። እንቅልፍም አለበት፤ እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ዳቦ ዳቦ ይለኛል።

ስድስተኛው ወር ላይ ስመረመር 5.6 ወረደ። የቀነስኩት ክብደትም ከታሰበው ትንሽ ቢጎድል ነው። ሐኪሟ «በዓመት በዓመት ትመጫለሽ» አለችኝ፣ ምክንያቱም ወደ ድሮው ከተመለስኩ ቁጥሩም ይመለሳል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን የኔን ነገር አትቅዱ፤ ከመጾማችሁም ሆነ እንጀራ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

በዓል ሲመጣ ራሴን አላስጨንቅም። ዶሮ ወጡ፣ እንቁላሉ፣ አይቡ ከኔ ጋር ጠብ የላቸውም። የምጠነቀቀው ከድፎ ዳቦውና ከለስላሳው ነው። ዘንድሮ ፋሲካ ላይ እማዬ ለራሷ አይብና ጎመን ቀድማ አወጣችና «እስኪ ያንቺን ማንኪያ አምጪው» አለችኝ።