ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ነሐሴ ሲገባ ከመኝታ ክፍላችን የሚመጣውን ሽታ በዝናቡ አመካኘነው። የጅማ ክረምት የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ሰንብቶ እንኳ የማይደርቅበት ወቅት ስለሆነ፣ ባለቤቴ «ክፍሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል» ስትለኝ «የማን ቤት የማይሸት አለ?» ብዬ አለፍኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም እንጀራዬ ሻጋታን ከሩቅ ማሽተት ነው። በምሠራበት የቡና መጋዘን እርጥበቱ ከ12 በመቶ ያለፈ ቡና እንዳይገባ ከአቅራቢዎች ጋር እከራከራለሁ፤ ግድግዳ የተደገፈ ወይም ያለ እንጨት ርብራብ ባዶ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ጆንያ ካየሁም አነሣለሁ። በገዛ ቤቴ ግን ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ፣ ከበላዩ ኤሲ ሰቅዬ እተኛ ነበር።

ኤሲውን በየካቲት ሙቀት ከተማውን ከሚለቅ ሰው ገዛሁት። (ለጅማ ኤሲ ቅንጦት ነው የሚሉኝ ሰዎች ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ተኝተው አያውቁም።) በክረምት ማረፍ ሲገባው፣ እርጥበቱን እንዲመጥጥልኝ ብዬ በማድረቂያው ላይ አድርጌ ማታ ማታ አስነሣው ጀመር። በእርግጥም ይመጥጣል፤ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን የውስጥ ብረት ሲነካ፣ ከፍሪጅ በወጣ ጠርሙስ ላይ እንደሚያወዛው ሁሉ ውሃ ሆኖ ከሥር ባለች ገንዳ ይጠራቀምና በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። መውረጃው ቢዘጋስ? ያንን አላሰብኩም።

ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ቁም ሳጥኑን ስንጎትት፣ ግድግዳው ከኤሲው ሥር እስከ ወገብ ድረስ በጥቁርና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሸፍኖ፣ ቀለሙም አብጦ ታየን። በጣቴ ስነካው ልስኑ እንደ በሶ ተናደ። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይደርቅ ከቆየ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ የእኔ ግድግዳ ግን ከሰኔ ጀምሮ ሲጠጣ ነው የከረመው። እናቴ የፈተለችው ጋቢም ጥለቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አውጥቷል።

የመጣው ባለሙያ ቱቦውን ነቅሎ ሲነፋው፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ግራጫ ነገር ተፈናጥሮ ወጣ። «ጋሼ፣ ማጣሪያውን መቼ ነው ያጠቡት?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ቱቦውም መሐሉ ላይ ወደ ላይ ጎብጦ ስለነበረ ውሃው ዳገት መውጣት ነበረበት፤ እንደዚያ አድርጎ የሰቀለው ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን እትዬ «ቀለም ቀቡትና ይለፍላችሁ» አሉን፤ ነገር ግን እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ሻጋታውን ከመደበቅ አልፎ ምን ይፈይዳል? በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር እንድንቀላቅል የመከሩንንማ ደንግጬ ነው የከለከልኩት፤ የሁለቱ ቅልቅል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። መስኮቱን ከፍተን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ አቧራው እንዳይበተን ልስኑን በውሃ እያረጠብን ፋቅነው፤ የቀረውን ግድግዳ አንድ ኩባያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠን አጠብነው። ጋቢው ሦስት ጊዜ ታጥቦም ነጥቡ አልለቀቀውም።

ቁም ሳጥኑ አሁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ በርብራብ ላይ ቆሟል። ልስኑ እስኪደርቅ ቀለም አይቀባም ብያለሁ። ባለቤቴም በየማለዳው መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ስታይ «12 ገባ?» ትለኛለች።