ሚንት ላይ አማርኛ እስክጽፍ ድረስ

ሰሞኑን የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሊኑክስ ሚንት ላይ ጽፌ አተምኩ። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነጻ ሲስተም ነው፤ ሚንት አንዱ ዓይነቱ ነው። ዊንዶውስን ንክች አላደረግኩም። ደሴ ውስጥ ለማንም ዜና አይሆንም፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። እስኪ የደረስኩበትን ጀባ ልበላችሁ።

ላፕቶፔ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የእኔ ማሽን እዚያ ደጃፍ አይደርስም። አዲስ ላፕቶፕ በመምህር ደሞዝ… እሱን እንተወው።

ታዲያ የትኛው ሊኑክስ? ዲስትሮ የሚባሉ ብዙ ዓይነቶች አሉት፤ አርች፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ዴቢያን፣ ሚንት። ብትጠይቁ ሁሉም የሚያወድሰው የራሱን ነው። ኮምቦልቻ የሚማር የወንድሜ ልጅ አለ። «ጋሼ፣ አርች ካልጫኑ ሊኑክስ አወቅኩ አይበሉ» አለኝ። አርች ሲጫን ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ነው። እኔ የምፈልገው ፈተና ማውጣት ነው። «አብሽር፣ አንተ ተመረቅና አንተው ትጭንልኛለህ» ብዬው አለፍኩ።

ምርጫዬን የወሰኑት ዳታና ራም ናቸው። ኡቡንቱ 24.04 ሲወርድ ብቻውን ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፤ ዴስክቶፑም በ4 ጊጋ ራም ላይ ያቃስታል። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ አንዱ እትም የሚደገፈውም 13 ወር ገደማ ነው። ጥሩ ነው ይሉታል፤ ግን ዳታ በፓኬጅ እየገዛ ለሚኖር ሰው አይሆንም። ዴቢያን የማይነቃነቅ ነው፤ ለጀማሪ ግን ጥያቄ ያበዛል። ሊኑክስ ሚንት 22፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ እትም፣ 3 ጊጋ አካባቢ ነው። የተሠራው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው ኡቡንቱ ላይ ስለሆነ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ አፕዴት ያገኛል። ሜኑውም ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። በቃ፣ እሱን ያዝኩ።

መጫኑ ቀላል ስለሆነ አልዘረዝረውም። ዋይፋዩ ግን መጀመሪያ አልታየም፤ ካርዱ ብሮድኮም ነው። ይሄ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያውን) አብሩ፣ ኢንተርኔቱ ወዲያው ይገባል። ከዚያ «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለውን ከፍታችሁ የሚያቀርብላችሁን ድራይቨር ጫኑና ሪስታርት አድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። አማርኛ።

አማርኛ ለመጻፍ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ነው። እዚያ ሌይአውት ጨምር ሲባል አማርኛ ተዘርዝሮ ይገኛል። ትመርጡታላችሁ፣ ደስ ይላችኋል። ከዚያ «ሰላም» ብላችሁ ስትመቱ ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ተራርቀው ይወጣሉ። «ሰ» ለመሆን አንድ ላይ አይገቡም። ቋንቋውን መልሼ መላልሼ ብቀይር፣ ላፕቶፑን ባጠፋና ባበራ ለውጥ የለም። ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም እንዳትሉት ፊደሉ ፊታችሁ ላይ ተደርድሯል።

ምክንያቱን ሳውቅ ተረጋጋሁ። ሌይአውት የሚባለው ነገር አንድን ቁልፍ ከአንድ ምልክት ጋር የሚያጣብቅ ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ይሄን የሚችል ኪቦርድ የለም። ስለዚህ መሀል ላይ ሆኖ ሁለት ምት ሰምቶ አንድ ፊደል የሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እሱ አይባስ ይባላል። አይባስ ብቻውን ደግሞ አማርኛ የለውም፤ «አይባስ ኤም17ኤን» (ibus-m17n) የሚል ተጨማሪ ይፈልጋል። ሚስጥሩ ይሄው ነው።

እንዲህ አድርጉ። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ይሄንኑ ተጨማሪ ፈልጋችሁ ጫኑ። ከዚያ ከሜኑው «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከፍታችሁ አይባስን ምረጡ። አሁን ሎግ አውት ብላችሁ እንደገና ግቡ። ይሄን የዘለለ ሰው «አልሠራም» ብሎ ሲማረር ይውላል። ስትመለሱ የአይባስ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛ፣ ከአማርኛ ሥር «ሴራ» (sera) የሚለውን ጨምሩ። ስማችሁን ጽፋችሁ ሞክሩት።

ሴራ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን እየመታችሁ የሚጻፍበት ስልት ነው። የኤስን ቁልፍ ስትመቱ «ስ» ይመጣል፤ ከሥሩ መስመር ተሰምሮበት ይጠብቃችኋል። የእንግሊዝኛዋን ኢ (e) ካስከተላችሁ እዚያው «ሰ» ይሆናል፣ ኤዋን (a) ካስከተላችሁ «ሳ»። የሚቀጥለው ተነባቢ ሲመጣ መስመሩ ይጠፋና ፊደሉ ይጸናል። ያቺን መስመር ማየት ልመዱ። መስመሯ ሳትጠፋ ማውስ ይዛችሁ ሌላ ቦታ ክሊክ ካደረጋችሁ የመጨረሻዋ ፊደል ልታመልጥ ትችላለች። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ አለው፦ ትንሿ ቲ «ት»፣ ትልቋ «ጥ»፤ ትንሿ ሲ «ች»፣ ትልቋ «ጭ»፤ ትልቋ ኤን «ኝ»። «ሽ» ያለው ኤክስ ላይ ነው፤ ኤስና ኤች አትልፉ። ኮማው ነጠላ ሰረዝ ይሰጣል፤ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ስትመቱ አራት ነጥብ ይወጣል። ለአማርኛ መምህር ይሄ ሰርግና ምላሽ ነው!

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መቀያየሪያው ሲጫን የዊንዶውስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው። እኔ ወደ ኮንትሮልና ስፔስ ቀይሬዋለሁ። ለጣቴ ይመቸኛል።

ስለ ፎንት ደግሞ። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የጻፋችሁት እዚህ ሲከፈት ፊደሉ ይነበባል፤ ግን ኒያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይተካና ገጹ ይሸሻል። ሁለት ገጽ የነበረ ፈተና የሦስተኛው ገጽ ጫፍ ላይ ሁለት መስመር አንጠልጥሎ ይመጣል። ለአዲስ ሥራ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይም ይጫናሉ። ከባዱ ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ በፊት በነበሩት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ነው። እሱ ውስጡ አማርኛ አይደለም፤ በላቲን ምልክቶች ላይ የአማርኛ ቅርጽ የለበሰ ነው። ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ ታያላችሁ። ፎንቱን መጫን ያሳያችኋል፤ ወደ ዩኒኮድ ግን አይቀይረውም። የእኔ የቆዩ ፈተናዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ለእነሱ ስል ዊንዶውስን ጎን ለጎን አስቀምጬዋለሁ፤ በየወሩ አጠፋዋለሁ እላለሁ፣ አላጠፋውም።

እንግዲህ የእኔ አቋም ልንገራችሁ፤ ባትስማሙም ቅር አይለኝም። የዴስክቶፑን ቋንቋ አማርኛ አታድርጉት። ትርጉሙ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ችግር ሲገጥማችሁ ደግሞ መፍትሔው የተጻፈው በእንግሊዝኛው ሜኑ ስም ነው። ዲስትሮ አትቀያይሩ። አንዱን ይዛችሁ ሥራችሁን ሥሩበት። ለጀማሪ ጥሩ የሚባለው ጎረቤት ያለ ሰው የሚጠቀምበት ነው፤ ስትቸገሩ በሩን ታንኳኳላችሁ። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ደግሞ ጨርሶ አትሸጋገሩ፤ የሊኑክስ እትም የለውም።

መብራት ነገር ሳልረሳ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አፕዴት ስታደርጉ መብራት ከሄደ ጭነቱ መሀል ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ምንም ፕሮግራም አልጫንም ይላችኋል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ያቋረጠውን እንዲጨርስ «ሱዶ ዲፒኬጂ ኮንፊገር» የሚለውን ትእዛዝ ስጡት፤ ከኮንፊገር ፊት ሁለት ሰረዝ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰረዝና ትንሿ ኤ አለች (sudo dpkg --configure -a)። ተርሚናል እወዳለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ይቺን ግን ወረቀት ላይ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጥፌያታለሁ። ታይምሺፍት የሚባለውንም ገና እንደጫናችሁ አብሩት፤ ሲስተሙ ቢበላሽ ወደ ነበረበት ይመልስላችኋል። የግል ፋይላችሁን ግን አይጠብቅም፣ እሱን ለብቻ ገልብጡ።

ከመጫናችሁ በፊት ሚንት የተዘጋጀበትን ፍላሽ ሰክታችሁ ከዚያው ላይ እያስነሳችሁ ሞክሩት። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ማውሱን እዩ። ዲስኩን አይነካም።

ደሴ ያላችሁ ዳታችሁን አትጨርሱ፤ የሚንት 22 ፋይል እኔ ጋ አለ። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይዛችሁ ብቅ በሉ። ፍላሹ ላይ ያለውን ግን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ሲዘጋጅ ያለው ሁሉ ይጠፋል።