የኩዊን ሜሪና የኖርማንዲ ፉክክር

ስለ አትላንቲክ ተሻጋሪ የመንገደኞች መርከቦች ፉክክር ባነበብሁ ቁጥር ልቤን የሚይዘው ለፈጣኗ መርከብ የሚሰጠው የሰማያዊ ሪባን ክብር ሳይሆን በስኮትላንድ ክላይድባንክ ቁጥር 534 እየተባለች ትጠራ የነበረችው ያላለቀች መርከብ ናት። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ገንዘቡን ስላደረቀው በታኅሣሥ 1931 እ.ኤ.አ. ሥራዋ ተቋረጠ፤ ሺዎች ሠራተኞችም ተበተኑ። ዝገት የለበሰው የብረት አካሏ ከሁለት ዓመት በላይ ከከተማይቱ ቤቶች በላይ ገዝፎ ቆሞ ሲታይ፣ የዕለት እንጀራቸው በእርሷ ላይ ለተንጠለጠለ ቤተሰቦች ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማሰብ ያስጨንቀኛል። ሥራው በሚያዝያ 1934 የቀጠለው የብሪታንያ መንግሥት ኩናርድና ዋይት ስታር የተባሉት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች እንዲዋሐዱ አስገድዶ ብድር ከሰጠ በኋላ ነው። መርከቢቱም ኩዊን ሜሪ ተባለች።

ፈረንሳይም ኖርማንዲን በመንግሥት ገንዘብ ሠርታ ነበር። ይህች መርከብ በግንቦት 1935 ከለ ሃቭር ተነሥታ በመጀመሪያ ጉዞዋ ክብረ ወሰኑን ወሰደች፤ ኩዊን ሜሪ በነሐሴ 1936 ነጠቀቻት፤ ኖርማንዲ በ1937 አስመለሰች፤ በ1938 ደግሞ ኩዊን ሜሪ መልሳ ወሰደችው፤ እስከ 1952ም አልተነጠቀችም። እኔ ግን፣ የፍጥነቱ ውጤት ምንም ይሁን፣ ኖርማንዲን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ከሩሲያ የተሰደደው መሐንዲስ ቭላድሚር ዩርኬቪች የነደፈው አካሏ ውኃውን የሚከፍልበት ጥበብ በመርከብ ሥራ ታሪክ ከታዩት ምርጥ ሐሳቦች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍጻሜዋ ያሳዝነኛል። የካቲት 9 ቀን 1942 በኒው ዮርክ ወደብ ለወታደር ማመላለሻነት ስትለወጥ ከብረት መቁረጫ የተፈናጠረ ፍንጣሪ እሳት አስነሣባት፤ ለማጥፋት የተረጨው ውኃም በላይኛው ክፍሏ ተጠራቅሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላት ጀመር። በዚያው ከተማ ይኖር የነበረው ዩርኬቪች ወደ ስፍራው ሄዶ፣ ከታች ውኃ እንዲገባባት ተደርጎ በወደቡ ወለል ላይ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ሐሳብ ቢያቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። በዚያው ሌሊት ተገለበጠች፤ በ1946ም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በጦርነቱ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ16,000 በላይ ሰዎችን ያሻገረችው ኩዊን ሜሪ ግን ዛሬም በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ቆማ ትታያለች።