የገን ሚውታንት ሙከራ በኖርፍሉራዞን፦ የተስተካከለውና ያስቸገረው

ሩቢስኮ (ተክል ከአየር ካርቦን የሚይዝበት ኢንዛይም) ክፍሎቹ ከሁለት ቦታ ጂኖች የሚመጡ ፕሮቲን ነው፤ ትልቁ ክፍል ከክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ፣ ትንሹ (አርቢሲኤስ) ከኒውክለስ ጂን ይመጣል። ክሎሮፕላስቱ ሲጎዳ ኒውክለሱ አርቢሲኤስንና ብርሃን ሰብሳቢዎቹን የኤልኤችሲቢ ጂኖች ያዳክማል። ሱሴክ፣ አውሱቤልና ቾሪ በ1993 ይፋ ያደረጓቸው የአራቢዶፕሲስ (የቤተ ሙከራ ትንሽ ተክል) ገን ሚውታንቶች (gun፣ ገን1፣ ገን5 እየተባሉ በቁጥር የሚለዩ) ግን ክሎሮፕላስታቸው ተበላሽቶም እነዚህን ጂኖች ያን ያህል አያዳክሙም። ይህን ክሎሮፕላስቱን በሚያበላሸው የአረም መድኃኒት፣ በኖርፍሉራዞን፣ ሳህን ላይ ለማየት የሚያስፈልገው እነሆ።

ማብቀያው፦ ግማሽ ኤምኤስ (ሙራሺጌና ስኩግ የተባለው የተክል ማዕድን ድብልቅ በግማሽ መጠን)፣ 0.8% አጋር፣ 1% ሱክሮስ፣ ፒኤች 5.7። ነጭ ቡቃያ የራሱን ምግብ ስለማይሠራ ስኳሩ ግድ ነው። ስኳር ራሱ ኤልኤችሲቢን ስለሚጫን ግን መጠኑ በሁሉም ሳህን እኩል ይሁን። 15.2 ሚሊግራም ኖርፍሉራዞን በ10 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሟያ ፈሳሽ) ቢሟሟ 5 ሚሊሞላር ነው፤ ከዚህ 1 ሚሊሊትር ለ1 ሊትር አጋር፣ ጠርሙሱ እጅ የማያቃጥል ሲሆን። ኖርፍሉራዞን የሌለበት ማነጻጸሪያ ሳህንም ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ይገባዋል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ዘሩ 3 ቀን በ4 ዲግሪ፣ ከዚያ 6 ቀን በ22 ዲግሪ፣ ብርሃኑ ሳይቋረጥ በካሬ ሜትር በሰከንድ 100 ማይክሮሞል ገደማ።

አሁን ዋናው ችግር። መደበኛውም (ሚውታንት ያልሆነው) ገን1ም ነጭ ሆነው ይወጣሉ፤ በዓይን አይለዩም። ልዩነቱ አርኤንኤው ላይ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ ብርሃኑ ከደከመ ወይም መድኃኒቱ ካነሰ የመደበኛው ቅጠል መሃሉ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ይቀራል። ኖርፍሉራዞን የሚያስቀረው ካሮቲኖይድን ነው፤ ክሎሮፕላስቱን የሚያቃጥለው መከላከያ ያጣው ክሎሮፊል ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ያ አረንጓዴ ያለበት ቡቃያ ኤልኤችሲቢን ስለሚያወጣ ገን ይመስላል። ከመልቀም በፊት ሳህኑን በአጉሊ መነጽር ማየት፣ ነጥብ ያለበትን መጣል።

100 ሚሊግራም ቡቃያ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዚያ አርኤንኤ ማውጣት፣ የቀረውን ዲኤንኤ በዲኤንኤዝ ማጥፋት፣ የአርኤንኤውን መጠን በሪል ታይም ፒሲአር መለካት። ማመሳከሪያው ጂን የኒውክለሱ አክቲን2 ይሁን፤ የክሎሮፕላስት ጂን እንዳይሆን፣ እሱ ራሱ በኖርፍሉራዞኑ ይወርዳልና። ኤልኤችሲቢ የቀን ሰዓት ስለሚከተል ሁሉም ናሙና በአንድ ሰዓት ይለቀም።

ቀጣዩ ዙር በኖርፍሉራዞን ፈንታ 0.5 ሚሊሞላር ሊንኮማይሲን (አንቲባዮቲክ) ነው። የክሎሮፕላስቱን ፕሮቲን ሥራ ስለሚያቆም ገን1ን ከገን5 ይለያል፤ እዚያ ላይ ጎልቶ የሚታየው ገን1 ነው።