የሦስት ሚሊሜትር ክፍተት፦ የቀለበት ፕሮፔለር ሙከራዬ

ሰላም ወዳጆቼ። ባለፈው የነገርኳችሁን አንድ ነገር ማረም አለብኝ። የጀልባን ፕሮፔለር (ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደውን ተሽከርካሪ ክንፍ) ቀለበት ውስጥ ስናስገባው በክንፎቹ ጫፍ የሚፈጠረው አዙሪት ይጠፋል ብዬ ነበር። አይጠፋም። በዚህ ሳምንት በዓይኔ አየሁት።

ዕቃዎቹ ያው ናቸው። የመስታወት ገንዳ፣ ከጅማው ሂርማታ ገበያ የገዛሁት ለቀለበት የሚሆን የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ፣ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባለ ሦስት ክንፍ ፕሮፔለር፣ ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ሞተር። ለማቅለሚያ ቡና ነው የምጠቀመው። በበረካ ሞከርኩ፤ ቀጥኖ አልታይ አለኝ። እናቴ «አቦሉን ለሞተር ልታጠጣው ነው?» ብላ ተቆጣች። በኋላ ግን ስኒዋን ይዛ መጥታ ከገንዳው አጠገብ ቁጭ አለች። አቦሉን በነጠላ አጥልዬ በሲሪንጅ ቀስ እያልኩ ክንፉ ጫፍ ላይ ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ያለ ቀለበት። ቡናው እንደ ሽቦ ስፕሪንግ ተጠምዝዞ ወደኋላ ሄደ፤ እየሄደም ጠበበ። ሦስት ዙር ያህል ሳይበተን ቆየ። ከዚያ ሁለቱ ዙሮች ተጠጋጉና የኋለኛው በፊተኛው ውስጥ ሾልኮ አለፈ። ስልኬ በዝግታ ስለቀረጸው ደጋግሜ አየሁት፤ እንዴት ደስ እንደሚል!

ቀለበቱን ሳስገባ የውሃው ዱካ መጥበቡን ተወ። ቁም ነገሩ እዚህ ነው። ጀልባው ቆሞ ሳለ፣ ቀለበት የሌለው ፕሮፔለር የሚገፋው ውሃ በስሌት የክቡ ስፋት (ኤሪያው እንጂ ዲያሜትሩ አይደለም) ግማሽ እስኪሆን ይጠባል። ቀጥ ያለ ቀለበት ይህን ይከለክላል። በዚያው ጉልበት ብዙ ውሃ በዝግታ ይገፋል፣ ገፊ ኃይሉም በ26 በመቶ ይጨምራል። ይህ የጉልበት ብክነትን ከቁጥር ያላስገባ ስሌት ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮርት ያስለመደው ቀለበት በጎታች መርከቦች ላይ የተወደደው ለዚህ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ቀለበቱ ራሱ ሸክም ይሆናል።

አዙሪቱስ? ቱቦው በውስጥ 46 ሚሊሜትር ስለሆነ በክንፉ ጫፍና በግድግዳው መካከል ሦስት ሚሊሜትር ይቀራል። ከክንፉ ገፊ ፊት ያለው ውሃ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ወደ ሳቢው ፊት ይሮጣል፣ ሲያልፍም ይጠቀለላል። ቡናው ግድግዳውን ተጠግቶ ሲሽከረከር በግልጽ ይታይ ነበር።

ከዚያ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ጀሪካን ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ቆርጬ አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ ቱቦውን በውስጥ አለበስኩት። ክፍተቱ አንድ ሚሊሜትር ቀረ። አዙሪቱ ቀጠነ። ከቱቦው ጫፍ እንደወጣም፣ ፈጣኑ ውሃ ከውጪው ጸጥ ያለ ውሃ ጋር ሲገናኝ ከሚፈጥራቸው ትናንሽ ጥቅልሎች ጋር ተላተመና አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ተበተነ። እኔ ለሳምንታት ከኋላ ከኋላ ስመለከት ነበር፤ ነገሩ የሚወሰነው ክፍተቷ ውስጥ ነው።

ገንዳዬ አጭር ስለሆነ ውሃው ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። የምቆጥረው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። በሚቀጥለው ግማሽ ሚሊሜትር ልሞክር ነው። ዘንጉን ሳይንቀጠቀጥ በትክክል መሃል የማሰር ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ፤ የእኔው ግድግዳውን መንካት ጀምሯል።