ሐሙስ ከሰዓት ቀይ ስር ደፋን

ባለፈው ሐሙስ ቀይ ስር ቀቅለን ውሃውን ማዋለጃ ክፍል ወለል ላይ ደፋነው። አላበድንም፣ ላስረዳችሁ።

የምሠራው ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የተማርኩት ነርስነት ነው እንጂ አዋላጅነት አይደለም። ግን አዋላጆቻችን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ወሊድ ፈቃድ ወጥታ ሌላዋ ሌሊቱን አድራ ከገባች፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስትመጣ ዲውቲ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። እንደኔ ያለ ነርስ በየጤና ጣቢያው ሞልቷል። ስለዚህ ስለ አዋላጅ ትምህርት ሲወራ «እኔን አይመለከተኝም» የምል ሰው አይደለሁም።

ወደ ቀይ ስሩ ልመለስ። ከወሊድ በኋላ አንዲት እናት 500 ሚሊ ሊትር ደም ከፈሰሳት ነገሩ አደጋ ነው፣ እርምጃ ይጀመራል። ይህን ቁጥር ፈተና ላይ የሚስት ተማሪ የለም። ግን ግማሽ ሊትር ደም አንሶላ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ ወለል ላይ ምን ይመስላል? ይህን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም ነበር። በዓይን ሲገመት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ በተለይ ደሙ ብዙ ሲሆን። ስለዚህ የቀይ ስሩን ውሃ በግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ ሞላንና ከፊሉን አሮጌ አንሶላ ላይ፣ ከፊሉን ጎዝ ላይ፣ የቀረውን ወለሉ ላይ ደፋነው። ከዚያ ያላዩትን ጠርተን «ገምቱ» አልናቸው። ጤና መኮንኑ 200 ጻፈ። አንዷ ነርስ 300 አለች። እኔ ደግሞ ቀዳጁ ሌላ ሰው ስለነበር አላየሁም፣ 250 ብዬ ጻፍኩ።

በር ላይ ቆማ ስታየን የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን ሳቀች። «ይኼማ የላስቲኩ ውሃ ሙሉው ነው። ሁልጊዜ የምወለውለው እኔ አይደለሁ?»

እሷ ብቻ ናት ያወቀችው! ከሁላችንም ይልቅ ብዙ ደም የጠረገ እጅ ያላት እሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ኢ-ሞቲቭ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተሠራ ነው። እናቲቱ ስር ደሙን የሚሰበስብ፣ መስመር የተሰመረበት ላስቲክ ያነጥፋሉ። መስመሩን ካለፈ ማህፀኗን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ደም ለማቆም የሚያግዘው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ምርመራ፣ ሁሉንም ባንዴ እንጂ አንዱን ሞክረው እስኪያቅት እየጠበቁ አይደለም። ከባዱ የደም መፍሰስና እሱ የሚያመጣው ጣጣ በ60 በመቶ ቀነሰ። እኔን የገረመኝ መድኃኒቶቹ ሁሉ ድሮም የምናውቃቸው መሆናቸው ነው። አዲሱ ነገር ቶሎ ማየትና ባንድ ላይ መነሳት ነው። ይሄ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል።

ልምምዱ ታዲያ የት ነው? የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም። አንድ የማዋለጃ አሻንጉሊት ነበረችን፣ ያውም ተራ የሚደርሰን ፈተና ሲቃረብ ነው። ሆስፒታል ለተግባር ስንወጣ አንዲት እናት አልጋ ዙሪያ ስምንት ሆነን እንቆማለን፤ ፊት ያለው ያያል፣ ኋላ ያለው የጓደኛውን ጀርባ ያያል፣ እሷ ደግሞ በምጥ ላይ ሆና የሁላችንንም ፊት ታያለች። ማታ ሁላችንም ደብተራችን ላይ «አዋለድኩ» ብለን እናስፈርማለን። እኔም አስፈርሜያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሳይሞላ አያስመርቁም።

ፓርቶግራፍም፣ ማለት ምጡ እንዴት እየሄደ እንደሆነ በየሰዓቱ የምንመዘግብበት ወረቀት፣ እንዲሁ ነው። እውነቱን እናውራ፣ ስንቶቻችን ነን ልጁ ከተወለደ በኋላ ቁጭ ብለን የምንሞላው? ሲሞላ እንዴት ያምራል፣ መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ወረቀቱ ግን የተሠራው ለሱፐርቪዥን አልነበረም። የማህፀን በር 4 ሴንቲ ከደረሰ በኋላ በሰዓት ቢያንስ አንድ ሴንቲ ይከፈታል ተብሎ የማስጠንቀቂያው መስመር ተሰመረ፤ ከሱ በ4 ሰዓት ራቅ ብሎ የእርምጃው መስመር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አዲሱ መከታተያ ደግሞ የነቃው ምጥ፣ ማለት ምጡ በርትቶ የማህፀን በሩ ቶሎ ቶሎ የሚከፈትበት ጊዜ፣ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ነው፣ ያቺ በሰዓት አንድ ሴንቲ የሚሏት ሕግም ለሁሉም ሴት እንደማትሠራ ታይቷል። ዋናው ነገር ግን አልተቀየረም፤ ምጡ ሲቆም ቶሎ እንድታውቂና ቶሎ እንድትልኪ ነው። እኛ ሰፈር አምቡላንሱ በሐምሌ ጭቃ ምን ያህል እንደሚቆይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ምጥ ሲጠና የልጁ ጭንቅላት ሥጋዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር ለብዙ ሰዓት ይጫነዋል፣ ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፣ ፊስቱላ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሳትቆጣጠረው የሚፈስበት ቀዳዳ፣ የሚመጣው እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚያክማቸው እናቶች አብዛኞቹ ምጥ ላይ ሳሉ እርዳታ የዘገየባቸው ናቸው።

ሐምሊኖች ራሳቸው ይሄ ገብቷቸው ነው እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈቱት። ሁሉን ፊስቱላ በቀዶ ጥገና እየሰፉ አይዘልቁትማ። ከገጠር ሴት ልጆችን ይወስዳሉ፣ አራት ዓመት ያስተምራሉ፣ ተመልሰው ወደመጡበት ይልኳቸዋል። ወደመጡበት መላኩን ነው የምወድላቸው።

አሁን የማያስደስት ነገር ልናገር። «ስልጠና መጣ» ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ይመጣል፣ ትልቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው፣ አበል አለው። የሚሄደው ማነው? ማዋለጃ ክፍል የሚያድረው ሳይሆን ደብዳቤው ሲመጣ ቢሮ አካባቢ የነበረው። ሲመለስ ሰርተፊኬቱ ፋይል ውስጥ፣ ሞጁሉ ቁም ሳጥን ላይ። ከስድስት ወር በኋላ ሰውየው ይቀየራል። አበል አትቀበሉ እያልኩ አይደለም፣ ደሞዛችንን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድም። ሆቴል ውስጥ የተማርሽው ግን በሦስተኛው ወር እጅሽ ላይ የለም። ምን ያህል ጊዜ ያጋጥመናል? በእርግዝና የደም ግፊት የምትንቀጠቀጥ እናት እኛ ጋ በዓመት ጥቂት ጊዜ ናት የምትመጣው። በሌሊት ስትመጣ ማን ያስታውሳል?

ስለዚህ ነው ሐሙስን የጀመርነው። ሐሙስ ከሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አበል የለም፣ ቡና አለ። አንድ ነገር ብቻ እንለማመዳለን። አንድ ቀን የማህፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለማወቅ በጣት ሴንቲሜትር መለካት ተለማመድን፣ የውሃ ላስቲክ ክዳን ሦስት ሴንቲ ገደማ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ሌላ ቀን አዲስ የተወለደ ልጅ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ማድረቅ፣ ማነቃቃት፣ ማስተንፈስ። ሰዓት ይዘን። በመጀመሪያው ዙር አምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጫንን አየር የምንሰጥበት፣ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ቁልፉን ስንፈልግ ደቂቃዋ አለቀች። ይሄን ሆቴል ውስጥ ማን ያሳይሻል?

ደግሞ ሞጁል ውስጥ ያለ፣ ግን እኛ የማንሠራበት አለ። ባለፈው ጥቅምት ይመስለኛል፣ ከላይኛው ቀበሌ የመጣች እናት ማዋለጃ አልጋው ላይ አልወጣም አለች። አማቷ «ተዪያት ልጄ፣ እኛ ተንበርክከን ነው የምንወልድ» አሉኝ። እኔ በትምህርት ቤት ያየሁት እግር ማንጠልጠል ብቻ ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ምክረ ሐሳብ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ይሁን፣ በፈለገችው አኳኋን ትውለድ ነው የሚለው። ምንጣፍ አነጠፍን፣ አማቷ ከኋላ ደገፏት፣ እኔ ጓንቴን አድርጌ መሬት ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አመመኝ እንጂ እሷ ደህና ወለደች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስላት አማቷ ለኔም መረቁኝ፣ «አንቺንም በሽልም ያውጣሽ» ብለው። እርጉዝ አይደለሁም። አሜን አልኩ።

የፊታችን ሐሙስ ተራው ለዚያች ለምትንቀጠቀጠው እናት የሚሰጠው መድኃኒት፣ የማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በደም ሥር 4 ግራም፣ ማለት ከ50 ፐርሰንቱ 8 ሚሊ፣ 12 ሚሊ ውሃ ጨምረሽ ቀስ ብለሽ፤ ከዚያ በየመቀመጫዋ 5 ግራም። ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት ትንፋሿን፣ ሽንቷን፣ የጉልበቷን ምላሽ ታያለሽ። ወረቀት ሳናይ፣ ባዶ ብልቃጥና ውሃ ይዘን፣ አንዷ አልጋው ላይ እየተንቀጠቀጠች።

የጽዳት ሠራተኛችን ትናንት «ሐሙስ ደሞ ምን ልትደፉ ነው?» አለችኝ። ውሃ ብቻ ነው አልኳት። ደስ አላት፤ ያ ቀይ ስር ከአንሶላው እስካሁን አልለቀቀላትም።