በብርድና በጠራራ ፀሐይ አገር የቪዲዮ ካሜራ መምረጥ

ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ገዝተው የልጆቻቸውን ልደት፣ የወላጆቻቸውን ጨዋታ ወይም የመንዝን ሜዳ በጥሩ ጥራት ለመቅረጽ የሚያስቡ የደብረ ብርሃን ወዳጆቼ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚል ነው። ገንዘቡ የተወሰነ ከሆነ መልሴ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ቦዲውን (ሌንስ የሌለውን የካሜራውን አካል) ያገለገለና ርካሽ ወስዶ፣ የተረፈውን ገንዘብ ብርሃን በደንብ ለሚያስገባ አንድ ሌንስና ለአንድ ማይክ ማዋል።

ሌንሱ የሚቀያየር ፎቶ ማንሻ (ዲኤስኤልአር፣ ማለትም በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ቪዲዮም መቅረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በቅድሚያ ኒኮን ዲ90፣ ቀጥሎም ካነን 5ዲ ማርክ 2 ወጡ። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ዛሬ በአሮጌ ዋጋ ይሸጣሉ። ከካነን ወገን 600ዲና 700ዲ የማይክ መሰኪያ ስላላቸው ለጀማሪ ይበቃሉ፤ ትንሽ መጨመር ለሚችል ግን በ2013 የወጣው 70ዲ ወይም በ2017 የወጣው 200ዲ ይሻላል፤ የሚንቀሳቀስን ሰው ፊት እየተከተሉ ያለ ግርግር ፎከስ ያደርጋሉና፣ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ላለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2015 የወጣው ፓናሶኒክ ጂ7 ፎር ኬ (ከሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ ዝርዝር ያለው ቪዲዮ) ይቀርጻል፣ የማይክ መሰኪያም አለው፤ በ2021 የወጣው ሶኒ ዜድቪ ኢ10 ከእነዚህ ሁሉ አዲሱ ነው። ሶኒ ኤ6000 ግን ለፎቶ የተመሰገነ ቢሆንም የማይክ መሰኪያ ስለሌለው ለቪዲዮ አልመክረውም።

ስለ አሮጌዎቹ ካነኖች አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ 600ዲን የመሰሉት አንድ ፋይል አራት ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለትም በሙሉ ኤችዲ ወደ 12 ደቂቃ ገደማ ሲቀርጹ፣ በራሳቸው ያቆማሉ፤ አንድ አዛውንት ስለ ድሮው ዘመን ማውራት ከጀመሩ በ12 ደቂቃ መግቢያውን እንኳ እንደማይጨርሱ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቪዲዮ ሲቀርጹ የሴንሰሩን (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠውን ክፍል) ረድፎች እየዘለሉ ስለሚያነብቡ፣ ጥቃቅንና ተከታታይ መስመር ባለበት ነገር ላይ ቀለማም የሚርገበገብ ሽክርክሪት ይፈጥራሉ። ይህ ችግር በማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ በእኛ አካባቢ ግን የነጠላ ሽመና፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የሰፌድ ስፌት የሌለበት ቀረጻ ማግኘት ስለሚያስቸግር በየምስሉ ይገጥማል። መፍትሔው ትንሽ ቀረብ ወይም ራቅ ማለት፣ አለበለዚያም ፎከሱ ፊት ላይ ሆኖ ጨርቁና ጣሪያው እንዲደበዝዙ ማድረግ ነው። ዜድቪ ኢ10 ፎር ኬውን የሚሠራው ከሚያስፈልገው በላይ ዝርዝር አንብቦ አሳንሶ ስለሆነ በዚህ በኩል በእጅጉ ይሻላል፤ ካሜራውን ፈጥኖ ላዞረ ግን ቀጥ ያለውን ምሰሶ ያንጋድደዋል።

ወደ ሌንሱ ስንመጣ፣ ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ በመስኮት ብርሃን ብቻ በሚታይ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ምስሉን አሸዋማ ያደርገዋል። የካነን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ርካሽ ሌንስ ግን ያ ሌንስ በ55 ላይ በኤፍ 5.6 ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ያስገባል (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል)። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ በእነዚህ ካሜራዎች አነስተኛ ሴንሰር ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር አጥብቦና አቅርቦ ስለሚያይ በጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ ያሳጣል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ቤት ውስጥ ከሆነ ትንሹን 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 አስቀድማለሁ። ሚረርለስ (እንደ ጂ7ና እንደ ሶኒዎቹ መስታወት የሌለው ካሜራ) ለገዛ ሰው ደግሞ ሌላ በር አለ፦ ሌንሱ ከሴንሰሩ የሚርቅበት ርቀት በሶኒው 18 ሚሊሜትር ብቻ፣ በካነን ዲኤስኤልአር ግን 44 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ በመካከላቸው ርካሽ አዳፕተር አስገብቶ የድሮ የፊልም ካሜራ ሌንሶችን መጠቀም ይቻላል። ከሳጥን ሥር የሶቪየት ዜኒት ካሜራ ያስቀመጠ ቤተሰብ ካለ፣ በላዩ ያለው 58 ሚሊሜትር ሄሊዮስ ሌንስ ዛሬም በእጅ እየተዞረ ያማረ ምስል ይሰጣል።

ስለ ድምፅ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የካሜራው የራሱ ማይክ የደብረ ብርሃንን ነፋስ ከሰው ድምፅ አብልጦ ይቀርጻል፤ በልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ወይም ፀጉራም መሸፈኛ ያለው ትንሽ ማይክ የግድ ነው።

ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት የመብራታችን ጉዳይ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ ርካሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ አገር ተስተካክሎ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲቀርጽ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ማታ ሳሎን ውስጥ የተቀረጸው ምስል ላይ ጥቁር ጥላ ሲንሸራተት ይታያል። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ ሜኑው ውስጥ ገብቶ ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገሮች ወደተዘጋጀው የቪዲዮ ሥርዓት) መለወጥ፣ ፍሬሙን 25 ወይም 50፣ ሹተሩንም (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ነገሩን ይፈታዋል።

ቀን ላይ ደግሞ ይኸው የ1/50 ሹተር ከፀሐዩ ጋር ይጣላል። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100 ላይ ተስማሚው የሌንስ ክፍተት ኤፍ 22 ገደማ ስለሚሆን፣ በኤፍ 2.8 ዳራውን አደብዝዞ ለመቅረጽ ከብርሃኑ 64ኛውን ክፍል ብቻ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህንን የሚያደርገው በሌንሱ ፊት የሚጠመደው ኤንዲ ፊልተር የካሜራው የፀሐይ መነጽር ነው። የጥምቀት ዕለት ነጭ የለበሰ ምእመን በእኩለ ቀን የሚቀርጽ ሰው ያለ እርሱ ባይወጣ ይመረጣል።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ የካሜራው አውቶ ፎከስ የሚይዘው ጠፍቶበት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ጂ7ን የመሰሉት ፎከስን በምስል ንፅፅር የሚፈልጉ ካሜራዎች በዚህ ይብሳሉ። እዚያ ፎከሱን በእጅ አድርጎ፣ ምስሉን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ማስተካከል ይሻላል። የመንዝ ጓሳን ጭላዳዎች ለመቅረጽ የካነን 55-250 ሌንስ በእነዚህ ሴንሰሮች ላይ እስከ 400 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያቀርብ ከዋጋው በላይ ይሠራል፤ ያለ ትራይፖድ ግን ከንቱ ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ባትሪ ከወትሮው ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫውን ከኮት ውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ መያዝ ይገባል። ከብርዱ ወጥ ወደሚፈላበት ሞቃት ቤት ሲገቡ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይቋጠር ካሜራውን ውጭ ሳሉ በፌስታል ቋጥሮ፣ ሙቀቱን እስኪላመድ ሳይፈቱ ማቆየት ነው።

ፎር ኬ ያስፈልጋል ወይ ለሚሉኝ፣ ጂ7 በፎር ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲጽፍ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል እላለሁ። ይህንን የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክና የሚያቀናብር ኮምፒውተር ከሌለ፣ የሚታየውም በስልክ በቴሌግራም ከሆነ፣ ሙሉ ኤችዲ ምንም አያጎድልም።

ያገለገለ ቦዲ ሲገዛ የራስን ማይክና ሜሞሪ ካርድ ይዞ መሄድ፣ የሌንሱን ክዳን ገጥሞ ጥቂት ደቂቃ በመቅረጽ በጥቁሩ ምስል ላይ የሚያበሩ ነጠብጣቦችን መፈለግ፣ የማይክ መሰኪያውን እያነቃነቁ ድምፁ መቆራረጡን መስማት ያስፈልጋል። ሶኒ ለጃፓን ገበያ ብቻ የሠራቸው ብዙ ካሜራዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ፣ ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ሲቀርብ ሒሳብ ከመክፈል በፊት የቋንቋ መቀየሪያውን ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው።